የጉራሁ ሳንቲም

ሬሳው ሲገኝ ሰዎች ለሽንት ቤቱ ተሰልፈው ነበር።

ኢንስፔክተር ዲናናት ከባራሃጋት ከተማ አውቶቡስ ተራ ሲደርስም ሰልፉ አልተበተነም። ከሩቅ የመጡ መንገደኞች የውሃ ኮዳቸውን አንጠልጥለው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። እግር ይቀያይራሉ።

«ጌታዬ፣ እሱስ ሞቷል፤ እኛ ግን አልሞትንም» አለ አንድ ቦርጫም ነጋዴ። «የዳሩን በር እንኳ ክፈቱልን።»

«ማዶ ሜዳ አለልህ» አለው በሩን የሚጠብቀው ሃምሳ አለቃ ሙኒ። «አያትህ የት ነበር የሚቀመጠው?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ዲናናት አልሳቀም። በመካከላቸው አልፎ ገባ።

ሟቹ የሽንት ቤቱ ጠባቂ ነው፤ ጉራሁ ይባላል። የቆሻሻ ክምር ማለት ነው። እናቱ ከሱ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ አልቀውባት፣ ሞት ይጠየፈው ብላ ያወጣችለት ስም ነው። ስሙ ስልሳ ዓመት ያህል ጠብቆታል። አሁን ከሽንት ቤቱ ኋላ ባለችው ጓዳ፣ ከውሃው ገንዳ ሥር፣ በጀርባው ተዘርግቷል። የገንዳው የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። ቀኝ እጁ የተቀደደ ጆንያ ቁራጭ ጨብጧል።

«ተገፍቶ ነው» አለ ዲናናት። «የያዘውን ግን አልለቀቀም።»

ጓዳዋ ጠባብ ናት። አንድ የገመድ አልጋ፣ አንድ የጋዝ ምድጃ፣ የሴት ልጁ የሰርግ ፎቶ። ከግድግዳው ሥር ከባድ ነገር ለዓመታት ተቀምጦ የኖረበት ክብ ክብ ምልክት አለ።

«ጆንያዎቹ እዚህ ነበሩ» አለ ሙኒ። «ሳንቲም ብቻ። ከተማው ሁሉ ያውቃል። የሚገርመኝ ግን ጌታዬ፣ ዛሬ ሳንቲም የሚሰርቅ ሌባ ከየት መጣ? እኔ ሳንቲም ይዤ ስገባ ሚስቴ ከነኪሴ ታባርረኛለች።»

እውነቱን ነው። መንግሥት ትልልቁን ኖት በአንድ ምሽት ከሻረ ወዲህ ባንኮቹ ወረቀት ሲያጥራቸው ለሰው ሳንቲም በከረጢት አደሉ። ወረቀቱ ሲመለስ ሳንቲሙን መልሰው አልወስድ አሉ። ነጋዴው ከባንክ አየና እሱም እምቢ አለ። ዝርዝር የያዘ ሰው እንደ ቁስለኛ ይሸሽ ጀመር። በባለ አስር ሩፒው ሳንቲም ላይ ደግሞ ሌላ ወሬ ተነሣ፦ ሐሰተኛ ነው፣ ከድንበር ማዶ ተቀርጾ የገባ ነው። ባንኩ እውነተኛ ነው ቢልም የሚሰማ ጠፋ። በባራሃጋት በባለ አስር ሳንቲም ክብሪት እንኳ አይገዛም ነበር። የትም እምቢ የተባለ ሳንቲም መጨረሻው የጉራሁ ሳህን ነው፤ ሆዱ የተጣደፈን ሰው ሳንቲም አይመርጡበትም።

ሳህኑ አሁንም በሩ አጠገብ አለ። ጎድጓዳ ፕላስቲክ ነው፤ ውሃ ይዟል። ጉራሁ ሰው ከሚጠየፈው የጠራጊዎች ወገን ስለሆነ ሰው እጁን ላለመንካት ሳንቲሙን ውሃው ውስጥ ይጥልለታል። እሱም ውሃው ላይ በረኪና ጨምሮ ሳንቲሙን ያሳድርበታል። ጠዋት «ንጹሕ ነው፣ አሽትቱት» ይላል። ሰው ያሸትና የባሰ ይጠየፋል።

ዲናናት እጁን ነክሮ ከሥር አንድ ባለ ሁለት ሩፒ አወጣ። በረኪናው ብረቱን በልቶታል። ፈንጣጣ እንደጎበኘው ፊት ቡናማ ነቁጥ በነቁጥ ሆኗል። መልሶ ጣለው።

«ጌታዬ! እዚህ ይምጡ!»

ሙኒ ከጓዳዋ ኋላ፣ ከቆሻሻ ውሃ መውረጃው ቦይ አጠገብ ቆሟል። በዱላው አንድ የሩዝ ከረጢት ጎትቶ አወጣ። ሲፈታው ባለ አስር ሳንቲም ነው፣ ሙሉውን።

«ሌባው ጥሎት ሄደ» አለ ሙኒ። «ሐሰተኛ መሆኑን አውቆ።»

«ሐሰተኛ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ጣለው?»

ዲናናት ከረጢቱን ትክ ብሎ ያይ ነበር። በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ የነሐስ ጡሩምባ ተሰማ።

የትልቁ ባቡ ሬሳ ወደ ማቃጠያው ሲሸኝ ነው። ከወንዙ ዳር ያለው መሬት ግማሹ የቤተሰባቸው ነው፤ ሽማግሌው ዘጠና ስድስት ዓመት ኖሮ ትናንት በማታ አርፏል። እንዲህ ጠግቦ ለኖረ ሰው አይለቀስም። ማርሽ ባንድ ይቀጠራል፤ ቃሬዛው በማሪጎልድ አበባ ይሸፈናል፤ በፊቱ ፈንዲሻና ሳንቲም ይበተናል። ከቃሬዛው ፊት የቤቱ ጸጉር አስተካካይ ቢፋን የናስ ትሪ ታቅፎ ይሄዳል። በልደትም በሰርግም በሞትም የቤቱን ሥርዓት የሚይዝ እሱ ነው። እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ወደ ሰማይ ይወረውራል።

ሳንቲሙ ዘነበ። ሰልፉ ያን ጊዜ ተበተነ። ሆዱን ይዞ የነበረው ቦርጫም ነጋዴ ሳይቀር በጉልበቱ ወደቀ። የረጅም ዕድሜ ሰው ሳንቲም አይመነዘርም፤ ተበስቶ በክር ለሕፃን አንገት ይታሰራል፤ ዕድሜ ይሰጣል። ሙኒም ጎንበስ ብሎ ሁለት አነሣ።

«ለልጅ ልጄ» አለ፣ እያፈረ። «ዘጠና ስድስት ዓመት እኮ ነው ጌታዬ!»

ዲናናት ቆቡን አውልቆ ቃሬዛው እስኪያልፍ ቆመ።

* * *

ፊት ለፊት ሻይ የሚያፈላው ባድሪ የሚያውቀውን ለመናገር አላስለመነም።

«አማቹ ነው» አለ። «ሱመር። ከሩቅ፣ ከሱራት ከተማ ጨርቅ ፋብሪካ የመጣው። ትናንት ጠዋት ተጣሉ። መንገዱ ሁሉ ሰምቷል።»

«ምን ብለው?»

«ልጁ በባትሪ የሚሄድ ባጃጅ ሊገዛ ነው። ተመልሶ ፋብሪካ ከሚገባ ከሚስቱ ጋር እዚህ ሠርቶ ሊበላ። አማቱ ‹እኔ እገዛልሃለሁ፣ ና› ብሎ ጠርቶታል። ሲመጣ ጆንያ ሙሉ ዝርዝር አሳየው። የባጃጁ ሻጭ ደግሞ ወረቀት ካልሆነ አልነካም አለ። ልጁ ‹ሥራዬን ያስጣልከኝ ለዚህ ድንጋይ ነው?› እያለ ይጮኻል። ሽማግሌው ‹ቀስ በል ልጄ፣ መንገድ አለው› ይላል። ከዚያ ልጁ አንዱን ጆንያ ተሸክሞ ሄደ።»

«ማታስ?»

«ማታ ቤቴ ነኝ። ሻይ እንጂ ሬሳ አልጠብቅም።»

ዲናናት ለሻዩ ባለ አስር ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ባድሪ በጥፍሩ ገፍቶ መለሰለት።

«ይሄ አይሠራም ጌታዬ። ሌላ ጊዜ ይከፍሉኛል።»

* * *

ሱመርን የያዙት እኩለ ቀን ላይ፣ በድልድዩ በኩል ወደ ከተማ ሲገባ ነው። ባዶ ጆንያ በትከሻው፣ በኪሱ ደግሞ በላስቲክ የታሰረ ኖት ነበር። የአውራጃው አዛዥ ኖቱን ሲያይ ፊቱ ፈካ።

«አለቀ» አለው ለዲናናት። «አማቱን ገደለ፣ ሳንቲሙን ሸጠ፣ ይኸው ወረቀቱ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንዲፈርም አድርግ። ጡረታህ ቀርቧል፤ በጥሩ ውጣ።»

ሱመር ማረፊያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጧል። ገና ወጣት ነው፤ የፋብሪካው ጥጥ አፍንጫው ላይ ከዘነበበት ዘመን ጀምሮ የያዘው ሳል አለው።

«ከትናንት ጠዋት ጀምረህ ንገረኝ» አለው ዲናናት።

«ምን ልንገርዎት? ሳንቲም ተሸክሜ ስዞር ዋልኩ። ባንክ ሄድኩ፣ አባረሩኝ። ነዳጅ ማደያ ሄድኩ፣ ሳቁብኝ። ጉልጃር ሳህ ዘንድ ሄድኩ፤ መቶውን በሰባ አለኝ።»

«አልተስማማህም?»

«ሠላሳውን ማን ይከፍለኛል? አማቴ ያንን ሳንቲም ከምን እንዳወጣው ያውቃሉ? ከዚያ አንድ ሰው ወንዝ ማዶ የመንገድ ቀረጥ ኬላ ላይ በዘጠና ይወስዳሉ አለኝ። አውቶቡስ ልሳፈር ብል ረዳቱ በሳንቲም አላሳፍርም አለ። ሳንቲም ልቀይር እየሄድኩ፣ ሳንቲም ይዤ መሳፈር አቃተኝ! ተሸክሜው ድልድዩን በእግሬ ተሻገርኩ። ደርሼ ስቀይር መሸ። እዚያው ከሾፌሮች ጋር ተኛሁ።»

«ማን ቀየረልህ?»

«ስሙን አላውቅም። በመስኮት በኩል የወጣች እጅ ናት።»

ሱመር ቀና አለ። «አማቴን አስቀየምኩት። ዛሬ ገንዘቡን አሳይቼው ይቅርታ ልለው ነበር። አስከሬኑን ሸኛችሁት?»

«ገና ነው። የሬሳ ምርመራ አለ።»

ደጅ ላይ የሱመር ሚስት፣ የጉራሁ ልጅ ባታሲያ ተቀምጣለች። የሩዝ ቆርቆሮ ታቅፋለች። ዲናናት ሲወጣ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ አባቴን ልታመጡልኝ ነው ወይስ ባሌን?»

«ጠብቂ» አላት።

«እጠብቃለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ።»

* * *

ዲናናት የሱመርን መንገድ በእግሩ ደገመው።

የባንኩ ገንዘብ ከፋይ ከመስተዋቱ ኋላ ሆኖ እጁን ዘረጋ። «ጌታዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? ካዝናዬ በሳንቲም ተሞልቶ በሩ አይዘጋም። በየቀኑ ይመጣሉ፤ ለማኝ፣ ጋዜጣ ሻጭ፣ ቄስ። አንድ ሰው የሚያስገባው መጠን አለው፣ የዚያ ልጅ ግን ጆንያ ሙሉ ነበር። ደግሞ ይሸታል። በረኪና።» ማደያው ላይ ያለው ልጅ አስታውሶ ሳቀ። የአውቶቡሱ ረዳትም አልካደም፦ «በሳንቲም ብጭን አለቃዬ እኔን ያወርደኛል።»

ጉልጃር ሳህ ከቤተ መቅደሱ ኋላ ባለች ቁም ሣጥን በምታህል ሱቅ ተቀምጦ ዝርዝር በድፍን፣ ድፍን በዝርዝር ይቀይራል። አባቱም ይህንኑ ይሠራ ነበር። ዲናናት ባለ አስሩን ቢያኖርለት ሳያይ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

«ሐሰተኛ ነው ይባላል» አለ ዲናናት።

«ሰው የሚለውን በግማሽ ዋጋ እገዛለሁ ጌታዬ፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ነው። ግን ዘንድሮ ማን ዝርዝር ይፈልጋል? ይኸው ይዤው ተቀምጫለሁ። ትልቁ ባቡ ሲሞት እንኳ ‹እሰይ፣ ሳንቲም የሚፈልግ ሞት መጣ› ብዬ በማታ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ። ያ ጸጉር ቆራጭ ቢፋን በር ላይ ሆኖ ‹ሞልቶናል› ብሎ መለሰኝ። ሰው ሲጠግብ እንዲህ ነው።»

«ልጁ፣ ሱመር፣ ዳግመኛ መጥቷል?»

«አልመጣም። የኩራተኛ ወገን አይደለም፣ ግን ኩራተኛ ነው።»

ኬላው ላይ ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሰው ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። «ሳንቲም አንቀይርም።»

«በዘጠና ትቀይራላችሁ ይባላል።»

«ክልክል ነው ጌታዬ። ሥራዬን የምወድ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ልጅ አላየሁም።»

«አንድ ሰው ይታሰርበታል።»

«እኔም ልጆች አሉኝ» አለና መስኮቱን ዘጋ።

* * *

ዲናናት አዛዡ ፊት ቆሞ የሩዙን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ገዳዩ ይህንን ቦይ ውስጥ ጥሎ ሄዷል። ከሁሉ ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚህ ነው። ሱመር ሱራት የኖረ ነው፤ እዚያ ባለ አስር ሻይም ዳቦም ይገዛል። እሱ ቢሆን ሌላውን ጥሎ ይህንን ነበር የሚወስደው። ገዳዩ የዚህ ከተማ ሰው ነው።»

«የከተማው ሰው ሁሉ ባለ አስር አይቀበልም። ሁሉንም ልሰር?»

«ገዳዩ ልጁ አይደለም ነው የምለው።»

«ደንግጦ ጣለው እንበል። ሰክሮ ጣለው እንበል።» አዛዡ ከረጢቱን በእርሳስ ገፋ። «ይህ ደግሞ ማስረጃ አይደለም። ሐሰተኛ ሳንቲም ነው። ለሟች ቤተሰብ መልስላቸው።»

ዲናናት ወጥቶ ከጣቢያው ጀርባ ካለችው ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሙኒ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ መጣ። ከጎኑ ተቀምጦ ከደረት ኪሱ ክርና መርፌ አወጣ። ከዚያም ከትልቁ ባቡ ቃሬዛ ፊት ካነሣቸው ሳንቲሞች አንዱን።

«ብረት ሠሪው ቀዳዳ አወጣልኝ» አለ። «ቀይ ክር ነው የሚሻለው ወይስ ጥቁር?»

ዲናናት ለመመለስ አንገቱን አዞረ። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ስጠኝ እስቲ።»

ባለ ሁለት ሩፒ ነው። ፈንጣጣ እንደጎበኘው ፊት ቡናማ ነቁጥ በነቁጥ ሆኗል። ዲናናት ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ከላብና ከክሩ ሽታ ሥር፣ ቀጭን፣ ዓይን የሚያስነባ ሌላ ሽታ አለ።

«ሌላውስ?»

«ልጁ አንገት ላይ ነው። ምነው ጌታዬ?»

ዲናናት ሳንቲሙን በጣቱ እያገላበጠ አሰበ። ገዳዩ ባለ አስሩን የጣለው ሳንቲሙን እንደ ገንዘብ ሊያወጣው ስላላሰበ ነው። የፈለገው ሊበትነው ነው። በባቡ ቃሬዛ ፊት ሐሰተኛ የሚባል ሳንቲም የሚበትን ሰው ደግሞ በሕይወት አያድርም። ሳንቲሙ በዓይናቸው ፊት ነበር የዘነበው። እሱ ቆቡን አውልቆ ቆሞለታል።

«ሂድ» አለው ሙኒን። «ያን ቀን ያነሡትን ሰዎች ታውቃለህ። የምታገኘውን ሁሉ ሰብስብ። ለምን እንደሆነ አትናገር።»

ሙኒ ሳንቲሙን አየ፣ አለቃውን አየ። ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ።

«የሽንት ቤት ነው?» አለ በሹክሹክታ። «የልጅ ልጄ አፉ ውስጥ ከትቶት ነበር እኮ።»

* * *

ቢፋን ከባቡዎቹ ግቢ በር አጠገብ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ የአንድ ገበሬ ጢም ይላጭ ነበር። ቀጭን፣ ተናጋሪ ሰው ነው። ዲናናት ገበሬው እስኪነሣ ጠበቀና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ላስተካክልዎ ጌታዬ?»

«ላጨኝ» አለ ዲናናት። «ጥሩ ሽኝት ነበር።»

«በዘመኔ እንዲህ ያለ አላየሁም። ሳንቲሙ ቢያንስ ለሦስት ሰፈር ልጆች ይበቃል!»

«ከየት ገዛኸው?»

ምላጩ አንዴ ቆመና ቀጠለ። «ከጉልጃር ሳህ ነዋ። ከሱ ሌላ ማን አለ?»

«ጉልጃር ሊሸጥላችሁ መጥቶ ‹ሞልቶናል› ብለህ መለስከው።»

ዲናናት ነቁጣሙን ባለ ሁለት አውጥቶ በጉልበቱ ላይ በተዘረጋው ጨርቅ ላይ አኖረ። ጸጉር ቆራጩ ሳያነሣው አወቀው። ምላጩን አጥፎ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ፤ እንደ ደከመ ሰው።

«የትልቁ ባቡ ልጅ ለሳንቲም መግዣ ወረቀት ሰጡኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሙሉ ዋጋ። በማግስቱ ጠዋት ቃሬዛው ይነሣል። ጉልጃር ዘንድ ብሄድ ባቡዎቹ ሒሳቡን ከሱ ያጣሩታል። ጉራሁን ግን ማን ይጠይቀዋል? በስድሳ ሊሸጥልኝ ተስማማ። አርባው ለኔ። ልጄን ልድር ነው፣ ጌታዬ።»

«ሳንቲሙ ለምን እንደሆነ ነገርከው?»

«መናገር አልነበረብኝም። ሲሰማ እንደ ልጅ ደስ አለው። ‹የኔ ሳንቲም በትልቁ ባቡ ላይ?› አለ። ከዚያ ባለ አስሩንም ውሰድ አለ። ያንን ብበትን ባቡዎቹ ቆዳዬን ይገፉኛል አልኩት። ‹ወይ ሁሉንም፣ ወይ ምንም› አለኝ። አማቼን ለባጃጅ ጠርቼዋለሁ፣ ያለ ባለ አስሩ ዋጋው አይሞላም አለ። እግሩን ይዤ ለመንኩት። እኔ፣ ጸጉር ቆራጩ ቢፋን፣ የጠራጊ እግር! ጆንያው ላይ ተቀመጠበት። ሳብኩት፣ ሳበው። ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ድምፅ አልሰማሁም። ጆንያዎቹን በጋሪ ጫንኩ። ባለ አስሩን ወረወርኩት። ዓይኔ እንዲያየው አልፈለግሁም።»

«ወረቀቱስ?»

«አለ። ልነካው አልቻልኩም።»

ዲናናት ተነሣ። «ተነሥ እንሂድ።»

ቢፋን አልተነሣም። ሣቀ እንጂ፤ ደስ የማይል ሣቅ።

«እሄዳለሁ ጌታዬ። መጀመሪያ ግን እርስዎ ከዚህ በር ገብተው ለባቡ ይንገሩልኝ። አባታቸው በሽንት ቤት ሳንቲም እንደተሸኙ ይንገሩልኝ። ከዚያ ወዲያ የርስዎ ገመድ ሳይደርስብኝ እነሱ ይጨርሱኛል።»

* * *

የሽማግሌው ልጅ ራጉራጅ ባቡ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ነጭ ሻሽ ለብሶ፣ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጠ። አላቋረጠም።

«አባቴ ስንት ዓመት ኖረ፣ ኢንስፔክተር?»

«ዘጠና ስድስት።»

«ሰው ሁሉ ከቃሬዛው ፊት ለቅሞ ለልጁ አንገት አሰረ። አይተሃል?»

«አይቻለሁ፣ ባቡ።»

«እንግዲያው ንገረኝ። ምንድን ነው ያሰሩት?»

ዲናናት ነቁጣሙን ሳንቲም በመዳፉ ጨበጠ።

«ጮክ ብለህ ንገረኝ እንጂ። ሴቶቹም ይስሙ።»

ከውስጥ የሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ ወፍጮ፣ የሕፃን ሳቅ።

«ሳንቲሙ ከቤታችን ቤተ መቅደስ ሣጥን የወጣ ነው» አለ ራጉራጅ። «ለማንም ወረቀት አልሰጠሁም። ግዛ ያልኩትም ሰው የለም።»

«ያ ልጅ ምንም አላደረገም። ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል።»

«የማን ልጅ?»

«የጉራሁ አማች። ሱመር።»

ራጉራጅ ስሙን ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው አሰበ። ከልቡ ይመስል ነበር።

«አዝናለሁ» አለ። «ሻይ ጠጥተህ ሂድ። ቢፋን ደግሞ የቤታችን ሰው ነው፤ የቤታችንን ሰው እኛ እናየዋለን።»

ዲናናት ጣቢያው ሲደርስ አዛዡ ቆሞ ጠበቀው። ስልኩ ቀድሞት ደርሷል።

«አንድ ዝገት ያለበት ሳንቲም!» ጮኸ። «አንድ! በአንድ ሳንቲም ነው የዚህን ሰው ቤት የምታረክሰው?»

«ሌላም አለ። ሙኒ እየሰበሰበ ነው።»

ሙኒ ግን በሩ ላይ ነበር። እጁ ባዶ ነው። ዓይኑን ከመሬት አልነቀለም።

«ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት ጌታዬ» አለ። «ለምራቴ። ከልጁ አንገት በጥሼ ስወስድ ለምን ብላ አለቀሰች፤ ነገርኳት። ከዚያ ስደርስ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ከየልጁ አንገት በጥሰው ወደ ወንዝ እየወረወሩ ነው። እናቶቹ ልጆቻቸውን በኖራ ውሃ እያጠቡ ነው።»

«ያንተስ?»

«እኔም ወረወርኩት።»

አዛዡ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ አልጮኸም። መጮህ አላስፈለገውም።

ሱመር በሳምንቱ መጨረሻ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ፈረመ። ዲናናት ክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ ወንዝ ማዶ ላለ የከብት ስርቆት ተልኮ ነበር። ሲመለስ ልጁ መቆም አይችልም፤ የውስጥ እግሩ አብጧል።

«ቢያንስ ተኛሁ» አለው ሱመር። «ከፈረምኩ በኋላ እንድተኛ ፈቀዱልኝ።»

ቢፋን ዘመድ ሊጠይቅ ሄደ ተባለ። ምላጩና መስተዋቱ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቀሩ። የሚያነሣቸው አልመጣም።

* * *

የጉራሁን ሬሳ ሆስፒታሉ የሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድ ልጅ የለውም፤ አማቹ ታስሯል። ቃሬዛውን አራት ጠራጊዎች ተሸከሙት። ሴት ወደ ማቃጠያው አትሄድም፤ ባታሲያ ግን እሳቱን በሸክላ ይዛ ከፊት ሄደች፤ የሚከለክላት ዘመድ አልነበራትም። ዲናናትና ሙኒ ከኋላ ተከተሉ። ዲናናት ያለ ደንብ ልብስ ነበር።

ባታሲያ በትከሻዋ የሩዙን ከረጢት አንጠልጥላለች። ዲናናት ነው የመለሰላት። ለጠበቃ ሰጥታው ነበር፤ ጠበቃው መለሰባት። ለሐኪም ሰጥታው ነበር፤ ሐኪሙም መለሰ። ዲናናት በደመወዙ ልቀይርልሽ ቢላት «እርስዎ የት ሊያደርሱት ነው?» አለችው።

ከአውቶቡስ ተራው ፊት ሲደርሱ እሳቱን ለአንዱ ጠራጊ ሰጠችና ከረጢቱን ፈታች። እፍኝ ሙሉ ዘግና ወደ ሰማይ ወረወረች።

ባንድ የለም። ሳንቲሙ አስፋልቱ ላይ ሲወድቅ ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ። ባድሪ ማንኪያውን ይዞ ቆመ። አዲሱ የሽንት ቤት ጠባቂ በሩ ላይ ወጣ። ወረፋ የያዙት ሰዎች አዩ። ሕፃናት ወደፊት ሊሮጡ ሲሉ እናቶቻቸው በክንዳቸው ያዟቸው። ባታሲያ እንደገና ዘገነች፣ ወረወረች፤ ከረጢቱ እስኪያልቅ። ባለ አስሩ እስከ ወንዙ ቁልቁለት ድረስ መንገዱን ሁሉ ሞልቶ አበራ።

ማንም ጎንበስ አላለም።

ቃሬዛው ራቀ። ዲናናት ቆመና ጉልበቱን ይዞ፣ በዝግታ፣ አንዱን ሊያነሣ ወደ መሬት አጎነበሰ።

«ይተዉት ጌታዬ» አለ ሙኒ ክንዱን ይዞ። «አይሠራም።»